በአንድ ዓይን የተሣለው ሰው

ዘመናይ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ቅርስ መዝጋቢ ነኝ፤ በሥራው ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ከምላሴ በቀር ነውር የለብኝም። እሱንም ቢሆን እናቴ በልጅነቴ "ይህን ምላስሽን ዳዊት ድገሚበት" ብላኝ ነበር፤ መች ሰማኋት! ዛሬ የማወራው ግን እኔው ራሴ ሰው የበደልኩበትን ነገር ነውና አፌን ሰብሰብ አድርጌ ልጀምር። እስከ የት እንደምዘልቅ እንጃ።

ነገሩ የመጣው ከሥዕል ነው። መጋዘናችን ውስጥ ሠላሳ ስምንት የቆዩ ወረቀቶች አሉ። ገሚሶቹ በእርሳስ ብቻ የተነደፉ ናቸው፣ ገሚሶቹ በውሃ ቀለም የተሣሉ። ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ከካርታ ጋር ተጠቅልለው በጆንያ ነው የመጡት። በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ በእኛ አገር መሬት ሊለካ ነው ተብሎ ባላገሩ በታመሰበት ዘመን፣ ከለኪዎቹ ጋር አንድ ሠዓሊ ይዞር ነበር ማለት ነው። ከሠላሳ ስምንቱ ሃያ ሁለቱ ሰው የለባቸውም። ዛፍ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ከሥራቸው ስማቸው በእርሳስ ተጽፏል። "ይሄ ሰውዬ ድንጋይ ምን አድርጎት ነው?" እያልኩ ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ። ቀለሙን ግን አትጠይቁኝ። ክረምት ሊወጣ ሲል ያለውን የሰማይ መልክ እንዲያ በቀጭን ውሃ የያዘ ሰው አላየሁም። አይጥ ጥጉን የበላውን በእጄ ጠግኜ፣ በየመሃሉ ነጭ ወረቀት አኑሬ፣ እንደ ልጆቼ ነው የያዝኳቸው።

ባለፈው ዓመት የቢሯችን ኃላፊ አቶ አንተነህ "እስከ መቼ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ?" አለና ዐሥራ ሁለቱን መርጠን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። መግለጫውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ዐሥራ አንዱ ቀላል ነበር። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ግን አጉል ብልጠቴ መጣብኝ።

ያ ሥዕል አራት ባላገሮች ወይራ ሥር ተቀምጠው ያሳያል። ከእያንዳንዳቸው እግር ሥር ስማቸው ተጽፏል። ሦስቱ ፊት ለፊት ያያሉ፤ ሁለት ዓይናቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፈጦ ይታያል። አራተኛው፣ "ካሴ" የሚል የተጻፈበት፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ጎን ነው የሚያየው። አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ ግማሽ ጢም። ሌላው ሠዓሊ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። እጁ ግን የቤተ ክርስቲያን እጅ እንደሆነ የዓይን አሣሣሉ ይናገራል። እኛ አገር ደግሞ ይህን የማያውቅ የለም፦ ደጉ ሰው በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጻድቅ የሚገርፍ ወታደር በአንድ ዓይን። እኔ ይሁዳን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በዚያች በአንድ ዓይኑ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"አራት ባላገሮች። የውሃ ቀለም። ሠዓሊው ሦስቱን በሁለት ዓይን፣ አንዱን በአንድ ዓይን በመሣል፣ ወገኑን ለለኪዎች አሳልፎ የሰጠው ከሃዲ የትኛው እንደሆነ ቃል ሳይናገር ነግሮናል።"

አቶ አንተነህ አንብቦ "አንቺ ሴት፣ ደራሲ መሆን ነበረብሽ!" አለኝ። ሰውም ሌላውን እያለፈ እዚያ ላይ ይቆማል። ወጣቶቹ በስልካቸው ያነሡታል፤ ከጎኑ ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነሣሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

አንድ ማክሰኞ ጧት አንዲት ሴትዮ ገባች። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች፣ የላስቲክ ጫማ አድርጋለች፣ ዕድሜዋ ከስድሳ ያልፋል። ሌሎቹን ሥዕሎች ዞር ብላም ሳታይ ቀጥ ብላ አራቱ ሰዎች ፊት ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትነቃነቅ ቆመች። እኔ ጽሑፌ ፊት የሚቆም ሰው ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፤ ጠጋ አልኩ።

"እታለም፣ ፊደል አልቆጠርኩም" አለችኝ። "ምን እንደሚል አንብቢልኝ እስቲ።"

እንዴታ! ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ማንበብ ብቻ መች በቃኝ፤ ጣቴን ወደ ካሴ ጉንጭ ቀሠርኩና "አዩት እናቴ? እንደ ይሁዳ ባንድ ዓይኑ ነው። ሠዓሊው አዋቂ ነው፣ ገመናውን አወጣለት" አልኩ።

ሴትዮዋ ሥዕሉን እንዳየች ነው። ከዚያ በዝግታ "አባቴ ነው" አለች።

ኧረ አፌን በቆረጠው! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም። አሰገደች እንደምትባል፣ ከዲማ ማዶ ካለ አገር እንደመጣች፣ የጎረቤቷ ልጅ እዚህ ሲማር ሥዕሉን አይቶ "የአባትሽ ስም ያለበት ሥዕል ማርቆስ አለ" ብሎ እንደላከባት ነገረችኝ።

"ሲሄድ ስድስት ዓመቴ ነበር" አለች። "ፎቶ የለው፣ ምን የለው። መልኩ ጠፍቶብኛል። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፈተ ሲሉኝ ፊቱን ልየው ብዬ መጣሁ። ግማሹን አገኘሁት።"

"እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ..."

"አንቱ አትበዪኝ፤ አንቺ በዪኝ። ከሃዲ መሆኑን ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝ። ዓይኑን አይቼ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ዞር ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየችኝ። "እነሱም እንዲሁ ነበር ያሉት" አለች።

ከዚያ በኋላ ተቀመጠች፤ ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ። ለኪዎቹ የመጡ ጊዜ አገሩ ወሰኑን ላያሳይ ተማምሎ ነበር። የትኛው ድንጋይ የማን ወሰን እንደሆነ፣ የወል ግጦሹ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ከአገሩ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ለኪዎቹ ግን አንድ ቀን መጥተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ገመዳቸውን ወጠሩት። አገር ተቆጣ። አውጫጭኝ ተጠራ፤ ያየ የሰማ ይናገር ተብሎ ሰው ሁሉ እየማለ ዛፍ ሥር ሦስት ቀን ዋለ። የሚያውቅ ታጣ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ተነሥቶ "ሠዓሊው ካሴን ባንድ ዓይኑ ሥሎታል፤ ያለ ነገር አይሆንም" አለ። ሥዕሉን ሁሉም አይተውት ነበርና አገሩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ካሴ ማለ፣ ተገዘተ፤ ማን ይስማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚያውሰው፣ ሰላም የሚለው ጠፋ። ልጁን ለእኅቱ ሰጥቶ ቆላ ወረደ።

"ዓመት ሳይሞላው በወባ ሞተ አሉን" አለች አሰገደች። "እኔ የጠቋሚ ልጅ ሆኜ ቀረሁ። ሁለት ጊዜ ታጭቼ ሁለት ጊዜ ፈረሰብኝ። ባል ያገኘሁትም ወሬው ካልደረሰበት አገር ነው፤ እሱ ሲሞት ነው ወደ አባቴ መሬት የተመለስኩት። እሱ ሁሉ አልፏል። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አድርጎታል ወይስ አላደረገውም? ሰው አድርጎታል ሲል እኔ አላደረገም ስል ኖርኩ፤ ለብቻዬ ስሆን ግን እኔም አላውቀውም። ስጸልይለት እንኳ ለየትኛው አባቴ እንደምጸልይ አላውቅም።"

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅርስ ስመዘግብ "ማን አየ? ማን መሰከረ? ከየት መጣ?" እያልኩ ሌላውን ስነዘንዝ የኖርኩ ሴት፣ አንድ የሞተ ሰው ከሃዲ ነው ብዬ ስጽፍ አንድም ምስክር አልጠየቅሁም። እኔ ሥዕሉን አይቼ ከሃዲ አልኩት። እነሱም ሥዕሉን አይተው ከሃዲ አሉት። ከሥዕሉ በፊት ካሴን የጠረጠረ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና "አክስቴ ከዚያ በፊት ሽማግሌ ሆኖ ሰው ያስታርቅ ነበር ትል ነበር" አለችኝ።

ብድግ ብዬ መግለጫውን ከግድግዳው ቀደድኩት። አቶ አንተነህ ድምፁን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ።

"ዘመናይ! ምን ሆነሻል? ሰው የሚያስቆመው እኮ እሱ ነው!"

"ያስቆማል! ይኸው እኔንም አስቆመኝ።"

"ኮሚቴው ሳይወስን..."

"ኮሚቴው ነው የጻፈው? እኔ ጻፍኩት፣ እኔ ቀደድኩት። የካሴ ልጅ ናት ይቺ፤ ለእሷ አንብብላት፣ ከቻልክ።"

አንተነህ ክፉ ሰው አይደለም። አያት፣ አየኝ፣ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ቀድጄውስ ምን ፈየድኩ? ስንቱ በስልኩ አንሥቶ ወስዶታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መልስ ብትሉት አይመለስም። አሰገደችም ወረቀቱን ስለቀደድኩ የምትጽናና ሴት አይደለችም። የምትፈልገው እውነቱን ነው።

ሥዕሉን ከመስታወቱ አውጥቼ ገለበጥኩት። በጀርባው፣ ጥጉ ላይ፣ በደበዘዘ እርሳስ "ወልደ ገብርኤል ዘዲማ" ይላል። ይህን ጽሑፍ መዝገብ ላይ በእጄ ገልብጬዋለሁ፤ ሰውዬው ይኖር ይሆን ብዬ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ለእኔ ሥዕል የሣለ ሁሉ ሙት ነው! ዲማ ወደማውቃቸው አንድ መሪጌታ ደወልኩ። ሳቁብኝ። "አባ ወልደ ገብርኤልን? ከገዳሙ በታች ጎጇቸው ውስጥ አሉ እንጂ። ግን ሠዓሊ መሆናቸውን ማን ነገረሽ? ብሩሽ ይዘው ያየ የለም" አሉኝ።

ሥዕሉን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በትልቁ በቀለም አሳተምኩት። በማግሥቱ ከአሰገደች ጋር በሚኒባስ እስከ ቢቸና፣ ከዚያ ባገኘነው መኪና፣ የቀረውን በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ አላወራችም። እኔ ነኝ የለፈለፍኩት፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጉልበቴ። ፈርቼ ነበር። ሰውዬው "አዎ፣ ከሃዲ ስለነበረ ነው" ቢሉስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጠርቶ የሚያሳየው ክፉ ነገር ከሆነስ? ሴትዮዋን ከቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

አባ ወልደ ገብርኤል ከጎጇቸው ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ አገኘናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጣታቸው ረጃጅም፣ ፊታቸው የተጨማደደ። ተሳልመን ተቀመጥን። ወረቀቱን አውጥቼ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁት። አንድ ጊዜ ከዓይናቸው ራቅ፣ አንድ ጊዜ ቀረብ አድርገው አዩት።

"ይህ ወረቀት አለ?" አሉ። "አልተቃጠለም?"

"አለ እንጂ አባ፣ በቁጥር አለ!" አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ።

አሰገደች እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። "አባ፣ እኔ የካሴ ልጅ ነኝ" አለች። "አባቴን በአንድ ዓይኑ ለምን ሣሉት? ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ።"

መነኩሴው ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺ ነሽ?" አሉ። "ያቺ ትንሿ?"

"ያውቁኛል?"

"እንዴት አላውቅሽ። የዚያን ቀን አስቸግረሽኝ የዋልሽ አንቺ ነሽ።" ወረቀቱን በመዳፋቸው አለሰለሱት። "ወይራው ያለው አፋፍ ላይ ነው፤ ሥሩ ገደል ነው። እናትሽ በዚያው ዓመት ሞታ አባትሽ በሄደበት ሁሉ አንቺን ያስከትላል። አራቱን አስቀምጬ ስሥል አንቺ ከገደሉ ጫፍ ድንጋይ እየወረወርሽ ትጫወቻለሽ። 'ካሴ፣ ወደ እኔ ዙር' እለዋለሁ፤ አይዞርም። 'ሌላ ሰው ይጠብቃት' አልኩት። 'የሌላ ሰው ዓይን አላምንም' አለኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማርኩ ነኝ፤ ደንቡን አውቃለሁ። 'ኧረ ተው፣ ባንድ ዓይን ትወጣለህ፣ ሰው ክፉ ይልሃል' አልኩት። ሳቀብኝ።"

"ምን አለ?" አለች አሰገደች።

"'ሰው ያለውን ይበል። እሷ ከወደቀች ሁለት ዓይን ምን ያደርግልኛል?' አለ።"

እኔ አለቀስኩ። አሰገደች አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከጭናቸው አንሥታ ያባቷን ዓይን በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ ጣቷን ከዓይኑ ጀምራ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ፣ ምንም ወዳልተሣለበት ነጭ ቦታ ወሰደችው። "እኔን ነበር የሚያየው?" አለች።

"አንቺን ነበር።"

"እኔን ነበር የሚያየው" አለች ደግማ። ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። እንዲያ ያለ ቁጣ በሴት ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ቁጡዋ እንኳ ፈራኋት። "ታዲያ አባ፣ ያን ቀን አውጫጭኙ ላይ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"አልጠየቁዎትም?"

"ጠየቁኝ። 'ካሴን ባንድ ዓይን ለምን ሣልከው?' አሉኝ።"

"ምን አሉ?"

"ዝም አልኩ።"

አባ ወልደ ገብርኤል እየቆራረጡ ነገሩን። ለለኪዎቹ የተቀጠሩት መልክዐ ምድር እንዲሥሉ ነው። የእሳቸው ዓለም ሥዕል ብቻ ነበር። ሽማግሌውን፣ ሕፃኑን "ይህ ድንጋይ ማን ይባላል? ይህስ ዛፍ የማን ነው?" ይላሉ፤ ሰውም የለኪዎቹን ሰው ጠርጥሮ የሸሸውን ያህል፣ እሳቸውን የዲማ ዲያቆን ናቸውና አምኖ ይነግራቸዋል። እሳቸው ይሥላሉ፣ ስሙን ከሥሩ ይጽፋሉ። አንድ ቀን የለኪዎቹ አለቃ ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ከካርታው ጎን ደረደራቸው።

እኔ ያን ጊዜ ገባኝ፦ የወሰን ምልክቶቹ ናቸው። ሃያ ሁለቱ ድንጋይና ዛፍ! በእጄ ስጠግናቸው፣ ስስቅባቸው የኖርኩት!

"የጠቆምኩት እኔ ነኝ" አሉ አባ። "ሳላውቅ ነው። ግን አውጫጭኙ ላይ ስቀመጥ አውቄ ነበር። 'ልጁን ሲጠብቅ ነው' ብል፣ ቀጥለው 'ታዲያ ማነው?' ሊሉ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሊዞር ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሞትን ፈራሁ። ዝምታዬን እንደ ምስክር ቆጠሩት። እኔም መቁጠራቸውን እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልጨበጥኩም፤ መንኩሼ ንስሐ ገባሁ።"

"ለማን?" አለች።

"ለንስሐ አባቴ ነዋ።"

"የንስሐ አባትዎን ምን በድለዋቸው ነው?"

ሽማግሌው በመቋሚያቸው ተደግፈው እንደምንም ተነሡና፣ ሳናስበው፣ እግሯ ሥር ተንበረከኩ። "ልጄ፣ ፍቺኝ" አሉ። እኛ ነን መነኩሴን "ይፍቱኝ" የምንል፤ መነኩሴ ባላገር ሴት እግር ሥር ሲወድቅ ማየት ያስደነግጣል። እኔ ላነሣቸው ተስፈነጠርኩ፤ አሰገደች ቀደመችኝ። ብብታቸውን ይዛ አነሣቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ነጠላቸውን አስተካከለችላቸው። የቁጣዋ ፊት ግን እንዳለ ነው።

"አባቴን የወሰዱብኝ ሰው መሃል ነው" አለች። "ሰው መሃል ይመልሱልኝ። ያኔ እፈታዎታለሁ።"

"እነዚያ ሰዎች አልቀዋል፣ ልጄ። ሁለት ሦስት ቢቀሩ ነው።"

"ልጆቻቸው አሉ። የጠቋሚ ልጅ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።"

አባ እመጣለሁ ባሉት እሑድ በእነ አሰገደች አገር ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ተቀምጧል። እኔ ቅዳሜውን እዚያው አሰገደች ቤት አድሬ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽማግሌው የሚመጡ አልመሰለኝም። ሰማንያ ሁለት ዓመት ላይ ያለ፣ አገር እንደ ቅዱስ የሚያየው ሰው፣ ስሙን በገዛ አፉ ሊያጠፋ ይመጣል? እኔ ብሆን ታመምኩ ብዬ እቀር ነበር። እሳቸው ግን ከሩቅ ታዩ፤ በበቅሎ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ ወዲህ በእግራቸው፣ እያረፉ መጡ። ሰው ተነሥቶ መስቀል ሊሳለም ሲጎርፍ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ቆዩ፤ ስሙኝና ከዚያ በኋላ ከወደዳችሁ ትሳለማላችሁ" አሉ።

ቆመው ተናገሩ። አላሳጠሩትም፣ አላሳመሩትም። ድንጋዩን፣ ዛፉን፣ ገደሉን፣ የካሴን ቃል፣ የራሳቸውን ዝምታ፣ ሁሉንም ተናገሩ። አሰገደች ከሴቶቹ መሃል ቀጥ ብላ ቆማለች። ሲጨርሱ ወጣቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እኔ ደግሞ አንዱ ክፉ ቃል ቢወረውርባቸው ብዬ እጨነቃለሁ። ለማን እንደማዝን እንኳ ጠፍቶኛል።

ሙሉሰው የሚባል ሽማግሌ ከግንቡ ሥር ተነሣ። ዘጠና ሊሞላው ምንም አልቀረው። "ሠዓሊው ባንድ ዓይን ሥሎታል ብዬ መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ" አለ። "ካሴ ጎረቤቴ ነበር። ጎረቤቴን ሳላምን ወረቀት አመንኩ። መሞቱንም ስሰማ አልቅሼለት አላውቅም።" ከዚያ በዘንጉ እየተመራ አሰገደች ዘንድ ደረሰና ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጽናሽ" አላት።

ካሴ ቆላ ሞቷል የተባለ ጊዜ ለቅሶ የደረሰ አልነበረም፤ ፍትሐት አልተፈታለት፣ ድንኳን አልተጣለለት። አሰገደች ይህን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ መሬት ላይም ቁጭ አለች። ከሙሉሰው ኋላ ሌላ ሰው መጣ፣ ከእሱ ኋላ ሌላ። አባታቸው አያታቸው እዚያ ዛፍ ሥር በካሴ ላይ የጮኹ ሁሉ እየተነሡ "እግዜር ያጽናሽ፣ ነፍስ ይማር" እያሉ ያልፋሉ። እኔም ተራዬን ጠብቄ አልኳት። አባ ወልደ ገብርኤል ከሁሉም መጨረሻ ሆነው ቀረቡ፤ እጃቸውን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። እኔ እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ሬሳው እዚያው ፊቷ የተጋደመ ነበር የሚመስለው።

አንዲት ወጣት ሴት ልጅ አዝላ ዘግይታ ከዐጸዱ ገባች። ሕዝቡን አይታ ደነገጠችና "ውይ፣ ማን ሞተባችሁ?" አለች።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አሰገደች ቀደመችኝ።

"አባቴ" አለቻት። "ካሴ ይባላል። ነይ እህቴ፣ አብረሽኝ አልቅሽ፤ ደግ ሰው ነበር።"